እባጭ የተባለው ብርጭቆ

እልኸኛዋ ጓደኛዬ፣

ዛሬ ልንጎበኝ በሄድንበት ቤት ያየኋት ብርጭቆ ሠሪ አንቺን አስታወሰችኝ። ቤተሰቦቿ ከጥንት ጀምሮ የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቱቦ እየነፉ ለስላሳ ማሰሮ ይሠራሉ። እሷ ግን የጋለውን ብርጭቆ ሽቦ ቅርጫት ውስጥ ከትታ ትነፋዋለች፤ በየቀዳዳው እያበጠ ይወጣል። አሠሪዋ አጎቷ ናቸው። ዛሬ በእኛ በእንግዶቹ ፊት «ይሄ እባጭ ነው፤ ስማችንን አታስጠፊ» ብለው አንዱን ሥራዋን መሬት ላይ ከሰከሱባት።

አላለቀሰችም። በቱቦዋ ጫፍ ከምድጃው ትኩስ ብርጭቆ ጠቅልላ አወጣችና ስብርባሪው ላይ አንከባለለችው፤ ሁሉም ተጣበቀበት። «ጋሼ፣ እጄን ያሠለጠኑት እርስዎ ነዎት፤ ትንፋሹ ግን የእኔ ነው» አለቻቸውና እዚያው ቅርጫት ውስጥ ነፋችው። ከፊተኛው የባሰ አበጠ፤ ደግሞም አማረ። አጎቷ ደህናውን ምድጃ እንደተበላሸ ሁሉ ይነካኩት ጀመር።

የእናንተ የብረት ሥራ ቤት ትዝ አለኝ። ወንድምሽ «በር ማለት በር ነው» እያለ በሩ ላይ የበየድሽውን የብረት አበባ ቢቆርጥብሽ፣ መልሰሽ በይጂው። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ወንድምሽንም ሰላም በይልኝ፣ የብየዳ መነጽርሽን ሳታወልቂ።