በዝምታዋ ስብሰባ ስላወከችው ልጄ

ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ

ከአክብሮት የተነሣ ስሙን ለማልጠራው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ውሳኔ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ለተከበሩ ጓድ ተሾመ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ጤና፣ የጠገበ እንቅልፍና ያልተቋረጠ ትንፋሽ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ሌላ ባለጉዳይ ስለማይመኝልዎ እንግዳ ቢሆንብዎ ይቅርታ፤ በእኛ ቤት ግን ከሰላምታ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

የስድስት ዓመቷ የኢፍቱ ገረሱ እናት ነኝ። ልጄ እንቅልፍ ሲወስዳት ታንኮራፋለች፤ ከዚያ ትንፋሿ ቀጥ ይላል። ባለፈው ዓመት በኮሚቴዎ ፈቃድ ቶንሲሏ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል፤ ስለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ይህኛው ምስጋናዬ እውነተኛ ነው። ሦስት ወር ያህል ተሻላት፤ ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። ዶክተር ነገሳ እንደገና መርምረው፣ ከምላሷ ሥር ያለው ሥጋ አብጦ ስትተኛ ጉሮሮዋን እንደሚዘጋባትና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ጻፉ። እርስዎ ግን አስቀድመው «ድናለች» ብለው ፈርመው ነበርና፣ ከፊርማዎ በኋላ መታመም እንደማትችል ተወሰነ። እኔም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ የተዘጋ ፋይል ክብሩ ይገባኛል።

ስለሆነም ቅሬታ ሳይሆን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ልጄን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ዓይኗን አፍጥጣ ከረሜላ እየመጠጠች ሳለ መርምራችሁ ትንፋሿ ደህና ነው ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። ተኝታ እንድታዩልኝ ብለምን፣ ኮሚቴው የሚያየው በሥራ ሰዓት ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። ጥፋቱ የልጄ ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ መታመም ደንብ መጣስ መሆኑን ገና አልተማረችም።

2. የእናት ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ስላስተማራችሁኝ፣ ትንፋሿ ስለመቆሙም ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዳመጣ ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። አባቷ ሰሜን ጦር ግንባር ስለሆነ ሌሊቱን በተራ አብራኝ የምትጠብቃት ጎረቤቴ ጂቱ ይህን ስትሰማ፣ ማኅተሙ የሚመታው ትንፋሹ ሲቆም ነው ወይስ ሲመለስ ብላ ጠየቀችኝ። «የተማረ ይግደለኝ» ስንል እንደ ማመልከቻ ይቆጠርብናል ብለን አልነበረም።

3. ደስ ይበላችሁ፣ ማስረጃው ተገኝቷል። ባለፈው እሑድ ቀበሌያችን እንጦጦ ላይ ስለሚተከለው ችግኝ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። መቅረት ስለማይቻል ኢፍቱን ይዤ ሄድኩና አግዳሚ ላይ አስቀምጫት ከኋላ ቆምኩ። ሊቀ መንበራችን ጓድ ዲንሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገሩ፤ ችግኙ በዚያ ጊዜ በጸደቀ ነበር። ልጄ እንቅልፍ ወሰዳትና ማንኮራፋት ጀመረች። ከዚያ ዝም አለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ በድንገት አየር እየሳበች ተመለሰች። በአራተኛው አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ጓድ ዲንሳም ንግግራቸውን አቆሙ። የተናጋሪዎችን ሰዓት የሚቆጣጠሩት ጸሐፊው አቶ አካሉ፣ ዝንብ ብታልፍ የሚመዘግቡ ሰው ናቸውና፣ ሰዓታቸውን እያዩ ጻፉ። እኔ ሰው እየገፋሁ ደርሼ ነቀነቅኋት።

በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሕፃን ኢፍቱ ገረሱ ስብሰባውን በማንኮራፋት፣ እንዲሁም አራት ጊዜ በዝምታ አውካለች። ረጅሙ ዝምታ ሃያ ስድስት ሰከንድ ሲሆን፣ ያበቃውም እናቲቱ በመነቅነቋ ነው።» አምስት ፊርማና አንድ ክብ ማኅተም አለበት። ጥፋተኛ ስባል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዋናውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ዶክተር ነገሳ በሰኔ መጨረሻ ወደ ክፍለ ሀገር ይዛወራሉ፤ ከእሳቸው ሌላ ይህን ቀዶ ሕክምና እሠራለሁ ያለኝ ሐኪም የለም። ፈርቻለሁ፣ ጓድ ሰብሳቢ። አንድ ሌሊት እኔንም ጂቱንም ድካም ያሸንፈንና ሦስታችንም አብረን እንተኛለን። ከዚያ በፊት ቀን ይቁረጡልኝ።

ደብዳቤ በመፈክር መዘጋት ስላለበት «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም» ብዬ ጽፌያለሁ። የቀረችውን አንዲት ቃል ልጄ አጠገቤ ተኝታ ሳለ እጄ አልጽፍ ስላለኝ፣ እርስዎ ሞልተው እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ውሳኔዎን ቆማ የምትጠባበቅ፣
የሺመቤት ኢዶሳ

ግልባጭ፦
ለቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለኅብረት ሱቁ በር፣ ሕዝቡ ወረፋ ሲጠብቅ እንዲያነበው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር የልጄ ፋይል ሲነበብ ወንበርዎ ላይ እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር። ኢፍቱ፣ ሰው ሲተኛ ሌላ ሰው አጠገቡ ነቅቶ መጠበቅ ያለበት ስለሚመስላት፣ ቀስ ብላ መጥታ እጇን ትከሻዎ ላይ አድርጋ ትንፋሽዎን ስትጠብቅ ቆየች። እርስዎ ሲነቁ ልጅቷን አስወጡልኝ ብለው አዘዙ።