ስሟን ደብቀን በ«ሽ» ስላጋለጥናት ልጅ

ለተከበሩ የታዳጊዎች መጽሔታችን ዋና አዘጋጅ፤
ባሉበት ሁሉ ክብር ይቅደምዎት።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በስብሰባ ብዛት የደከመው ወገብዎ በርትቶ፣ በእኛ በሠራተኞችዎ ስንፍና የሚቀሰቀሰው ራስ ምታትዎ ለቆዎት፣ ይህ ደብዳቤ በመልካም ሰዓት እንዲያገኝዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከቢሮዎ ቀጥሎ፣ የወረቀት ካርቶን በተደረደረባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገጽ የማቀናብር ሠራተኛዎ ነኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ፊቴ ግን ሰው ፊት መቅረብ አቅቶታል። ከጠዋት ሰላምታ በቀር ድምፄን ሰምተው ስለማያውቁ በጋዜጣ መጻፌ ሊያስደንቅዎት ይችላል። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተስማማ ሲመስል መኖሩ የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ አይጨነቁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ላስረዳ። መጽሔታችን «ጠይቁን» የሚባል ገጽ አለው። ልጆች ለወላጅ የማይነግሩትን፣ ለጓደኛም የማያወሩትን ጭንቀታቸውን ይጽፉልናል፤ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ደግሞ ይመልሱላቸዋል። ባለፈው እትም ያወጣነው ጥያቄ ወንዶች በሞሉበት የእጅ ሙያ ክፍል ውስጥ ከምትማር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የመጣ ነበር። በክፍሉ ሴት እሷ ብቻ ናት። ምን እንደጠየቀች እዚህ አልደግመውም። ነውር አይደለም፤ ግን በዚያ ዕድሜ ሰው ከሚያውቅብኝ መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ የሚያሰኝ ነገር ነው። ክፍሉ ሊሄድ ስላሰበው ጉዞ ፈርታ ስለጻፈች የክፍሉ ስም በጥያቄው ውስጥ ነበረ። ከግርጌው ከፈረመች በኋላ «አደራ፣ ስሜ እንዳይወጣ» የሚል ጨምራበታለች።

ሰው «እኔ» ብሎ ሲጽፍ በቋንቋችን ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ጥያቄዋ ከክፍሉ ልጆች የማናቸውም ሊሆን ይችል ነበር። በዚያ ሁሉ ወንድ መሃል ተሸሽጋ ነበር። እኛም አደራዋን ጠብቀን ስሟን አላወጣንም፤ ያወጣነው «አንቺ»ን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. ለታዳጊዎች ስለ መጻፍ ከተሰጠው ሥልጠና እንደተመለሱ «ታዳጊን የሚያናግሩት እንደ ጓደኛ ነው፤ እናንተ፣ እናንተ ማለት የመንደር ስብሰባ ያስመስለናል» ብለው «እናንተ»ን ከመጽሔቱ ስላባረሩልን አመሰግናለሁ። ነርሷ «ትችላለህ»ንና «ትችያለሽ»ን እዝባር በምትባለው ጋደል ያለች መስመር ለይተው ጎን ለጎን ቢጽፉም፣ መስመሯ ገጹን የሽቦ አጥር አስመሰለችው ብለው አስነቀሉልን። ለወንድ ጠያቂ «አንተ» በሰማያዊ፣ ለሴት ጠያቂ «አንቺ» በሮዝ እንዲወጣም ደነገጉ። ከዚያ ወዲህ ገጻችን የጨቅላ ልብስ መሸጫ ቢመስልም ለዓይን መቅለሉን መካድ አልችልም።

፪. ከየመልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ተመርጦ በትልቁ እንዲወጣ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ነርሷ የጻፉት «አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም» የሚል ነበር። በእርስዎ እርማት «አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም!» ሆነ። በክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ለሆነች ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ሁሉን ወደ እርስዎ ገፍቼ እጄን መታጠብ እንዴት ደስ ባለኝ። አልችልም፤ ፎንቱንም የሮዙንም ድምቀት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ የለም፤ ከማተሚያ ቤት ከሚጣል ቁራጭ ወረቀት ላይ ፊደል እየቆረጥኩ፣ ካርቶን ላይ እየለጠፍኩ የለመድኩት ነው፤ ስለዚህ ፊደልን እንደ ሰው መልክ የማየት አመል አለብኝ። በዚያ ፎንት ውስጥ ደግሞ «ሽ» ታምራለች። ሦስቱ «ሽ»ዎች በአንድ መስመር ተሰልፈው ሳያቸው ደስ አለኝ። የማን «ሽ» እንደሆኑ አላሰብኩም። የክፍሉን ስም ከላይ፣ «ሽ»ን ከታች ያስቀመጠችው ይህች እጄ ናት፤ ሁለቱን ማገናኘት ያቃተው ደግሞ ይህ ራሴ ነው። እርስዎም ከኋላዬ ቆመው «ግሩም!» አሉኝ። ከእርስዎ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ ስለማላውቅ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

፫. ለትልቁ ጥቅስ ቦታ እንዲገኝ የመልሱን ግማሽ ስላስቆረጡን አመሰግናለሁ። የተቆረጠው ክፍል ምን ማድረግ እንዳለባት፣ የትኛውን ሐኪም እንደምታማክር፣ ነገሩ ብዙ ልጆችን ሲያድጉ እንደሚተዋቸው የሚነግራት ነበር። አይዞሽ የሚለው ቀረ፣ የሚያስችለው ሄደ።

መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ እናቷ ቢሮ መጡ። እርስዎ እንደ ልማድዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ከበሩ ላይ ያለው ዘበኛ ወደ እኔ ላካቸው። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና «እህቴ፣ ለልጅ ስም የሚያወጣ ወላጁ ነበር፤ ለልጄ ግን እናንተ አወጣችሁላት» አሉኝ። ስሟ «አይዞሽ» ሆኗል። በር ስትከፍት «አይዞሽ መጣች፣ መንገድ ልቀቁላት!» ይሏታል፤ መዶሻ ከእጇ ቢወድቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይዞሽ!» ይላል። ልጅ ሲወድቅ የሚባል ደግ ቃል ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ብታለቅስ እንኳ እናቷ ቃሉን አይጠሩትም፤ ምን ብለው እንደሚያባብሏት ጨንቋቸዋል። ሊወጡ ሲሉ «እሷ እናንተ ብላ አከበረቻችሁ፤ እናንተ አንቺ ብላችሁ አዋረዳችኋት» አሉኝ። ልጅቷ ትምህርቷን አቁማለች፤ ከፈተናው በፊት ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ የክፍሉ ኃላፊ አስታውቀዋል።

፬. ይህን ሁሉ ስነግርዎ «ስሟን አላወጣንም፤ ምን አጠፋን?» ብለው ስላጽናኑኝ፣ ቆይተው ደግሞ በቸርነትዎ የይቅርታ ማስታወቂያ ስለጻፉላት ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። «ውድ እህታችን፣ ስላስቀየምንሽ ይቅር በይን፤ ሁሌም ከጎንሽ ነን» የሚለውን በሮዝ ክፈፍ፣ በአበባ አጅቤ እንዳወጣው አዘዙኝ። የክፍሉ ልጆች የመሳለቂያ ቃል እንዳያልቅባቸው ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው። በዚህ ቢሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «አልሠራም» ያልኩት ያኔ ነው። ድምፄ ከማነሱ የተነሳ «ምን አልሽ?» አሉኝ። ደግሜ ለማለት ድፍረት አጣሁና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ለዚህ ነው በጋዜጣ የምደግመው፦ አልሠራም።

ከዚያ ወደ እናትና ልጅ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ «ሮዙን የመረጡት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ቀለሙ ያምራል» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የተቆረጠውን ግማሽ መልስ ይዤላት ስለነበር እዚያው ቆማ አነበበችው፤ «ይህ ሁሉ ነበረ እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ ጉዳይ ልጻፍ ወይ ብዬ ፈቃዷን ስጠይቃት ደግሞ «ይጻፉ፤ ግን ሚስኪን አያድርጉኝ» አለችኝ። ስለዚህ ሚስኪን አለመሆኗን ይወቁልኝ። ተናዳለች፤ እጇም ከእኔ እጅ የበለጠ ሙያ ያውቃል።

እርስዎን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። የይቅርታውን ማስታወቂያ ከነአበባው ይተዉት። በምትኩ ሙሉው መልስ ሳይቆረጥ፣ በጥቁር ቀለም፣ የማንም ክፍል ስም ሳይነሳ፣ «እናንተ» ተብሎ ለሁሉም ይውጣ፤ ይህ ነገር ያለባቸው፣ ሊጽፉልን የፈሩ ሌሎች ልጆች አይጠፉም። ሁለተኛው ደግሞ ከክፍሉ ኃላፊ ዘንድ በአካል ቀርበው ያጠፋነው እኛ መሆናችንን ተናግረው ቦታዋን ያስጠብቁላት፤ መሳለቁንም ያስቁሙላት። እኔ ሄጄ ነበር። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ተባልኩ፤ የመጽሔቱ ገጽ አቀናባሪ ነኝ ማለት አፈርኩና ተመለስኩ። እርስዎ ግን ሲናገሩ የሚሰማዎት አለ። በቀላሉ የሚያፍሩ ስለማይመስለኝም ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻሉ ነዎት።

በማይገባኝ «ግሩም» ደስ የተሰኘሁ፣ ባማረ ቀለም ሰው የጎዳሁ፣ ወንበሬን ለሌላ እስኪሰጡት ድረስ ከግድግዳዎ ማዶ አንገቴን ደፍቼ የምጠብቅዎ፣
የገጽ አቀናባሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ እንደገና ቢያነቡት ከሰላምታው እስከ ፊርማው ድረስ እርስዎ ወንድ ይሁኑ ሴት የሚያሳብቅ አንድ ፊደል አያገኙበትም። ክብርዎን ለመጠበቅ ብዬ ነው። ሥልጠና አላስፈለገኝም፤ ቦታም አልወሰደብኝም።