የመምሬ ይመር ድንጋይ

ሐሙስ፣ ጥር 22

ዛሬ ዶዘሩ ለመንገዱ ሲባል የመምሬ ይመርን ቤት አፈረሰው። ጭቃው ሲረግፍ ከሥሩ ድንጋይ ብቅ አለ፤ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የተጠረበ ድንጋይ። እኔ ግን ሐምሌ ላይ ካሳውን ስገምት «የእንጨትና ጭቃ ቤት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ልስኑን ፋቅ አድርጎ ማየት የሥራችን ደንብ ነው። ያን ቀን ዝናቡ ይወርዳል፣ መኪናው ይጠብቀኛል፤ ሳልፍቅ ወጣሁ። መምሬም ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቡ የኖሩ ሰው፣ የእኔን ወረቀት ሳያነቡ ፈረሙት። «አንተ የአገራችን ልጅ ነህ፤ አትበድለኝም» ብለው።

የጭቃ ቤት ካሳ ተቀብለው ጨርሰዋል።

ዛሬ ፍርስራሹ አጠገብ ቆመው ሲያዩኝ የምገባበት ጠፋኝ። «መምሬ፣ ተሳስቻለሁ» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ እንደ ሹም ፊት እጅ ነስተውኝ፣ «ልጄ፣ ከፈቀድክልኝ ድንጋዩን ልልቀመው? አባቴ ነው የጠረበው» አሉኝ።



«ይውሰዱት፣ መምሬ» አልኩ፣ ሰጪ መስዬ።

መስቀላቸውን አውጥተው ቆመው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።