ሁለት ዓይን ያወጣችው መርፌ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለ? አማቻችንስ፣ ልጆቹስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ መቀመጫ ግን አጥቻለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን መስኮት ላይ አስደግፌ ነው።

ባለፈው «ወንድም ጋሼ መጠጥ ጀምሯል» ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር። ሳላውቅ ነው የዋሸሁት፤ ግን ዋሸሁ።

ጋሼ ልብስ ሊሰፋ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሲያሰምር ማስመሪያ እንደማይፈልግ ታውቂያለሽ። በሁለት ወር ውስጥ መስመሩ ይጣመም ጀመር። የአንድ መምህር ሱሪ አንዱን እግር በአራት ጣት አሳጥሮ ቆረጠው። ግድግዳ ሳይዝ አይሄድም፤ ምላሱም ተሳሰረ። «መርፌዋ ሁለት ዓይን አወጣች፤ ክሩን በየትኛው ላስገባ?» ሲለኝ፣ «ጠርሙሱን ጠይቀው» አልኩትና መቀሱን ነጥቄ ቆለፍኩበት። ከዚያ አንቺ ደውለሽ «በስተርጅና ሰካራም ሆንክ» አልሽው። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሱቁ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ሐኪሟ እንደ እኔ አፉን አላሸተተችም። አፍንጫውንና የእሷን ጣት እያፈራረቀ እንዲነካ አዘዘችው፤ ሳተ። ብዙ መረመረችው። ትናንት ውጤቱን ነገረችን፤ ሳንባው ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል እጢ አለች፣ ካንሰር ናት።

«ሳንባው ከታመመ እግሩን ምን አገኘው?» አልኳት። «ሰውነቱ እጢዋን ሊወጋ ተነሥቶ፣ ሚዛን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍል ጠላት መስሎት መታው። ውሻ ሌባ አገኘሁ ብሎ የቤቱን ሰው ይነክስ የለ?» አለችኝ። ውሻ ስትል የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ሳል እንኳ የለውም፤ ባይንገዳገድ ኖሮ እጢዋ ተደብቃ ታድግ ነበር። ገና አልተሰራጨችም፤ ቶሎ ከታከመ ተስፋ አለው። እጅና እግሩ እንደ ድሮው ይሆኑ እንደሆነ ግን ቃል አልሰጠችንም።

አሁን ግን የሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት አልፈርምም ብሏል። እጁ ይንቀጠቀጣል። «የሰካራም ፊርማ ነው የሚወጣኝ፤ እህቴ ብታየው ‹አላልኩም?› ትላለች» ይላል። ነርሷ «እሺ፣ በጣት አሻራ» ብትለው፣ «ፊደል ቆጥሬያለሁ!» ብሎ ተቆጣ። ይቅርታ ስጠይቀው «አንተ መቀሴን መልስ» አለኝ። አመጣሁለት፤ ትራሱ ሥር ሲከተው ነርሷ ደንግጣ ወሰደችበት። እስከ ሐሙስ ጠዋት ካልፈረመ አልጋውን ለሌላ በሽተኛ ይሰጡታል።

ይህን ደብዳቤ የአውቶቡስ ሹፌሩ ነገ ያደርስልሻል። ያልደወልኩልሽ፣ ድምፅሽን ከሰማሁ ጥፋቱን አንቺ ላይ እንደማላክክ ራሴን ስለማውቅ ነው። እንዳነበብሽው ደውዪለት። አታልቅሺበት፣ አትምከሪውም። «ሳላጣራ ነው ያልኩህ» በይው፣ ይበቃዋል።

አማቻችንን ሰላም በይልኝ። ታናሺቱን ሳሚልኝ። ትልቋን «አጎትሽ ቀሚስሽን አልረሳም» በያት። ዛሬ ጠዋት ሱቅ ገብቼ ጨርቋን ገልጬ አየሁት። አንዲቱን የወገብ መስመር አሥር ጊዜ አስምሮ አሥር ጊዜ አራግፏታል። ሰካራም እንዲህ አይለፋም፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ሁለተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን