ከደጄ እስከ ደጅህ ያለው የኖራ መስመር

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ ጥፋተኛው አንተ መሆንህን ለሰው ሁሉ ስምል ስለከረምኩ ነው። አሁን ግን አንዲት የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ መጥታ ጉድ ሠራችኝ።

ሴትየዋ የመጣችው ጎርፍ ያፈረሰውን ሰፈራችንን መልሳ ልትነድፍልን ነው። እኛ የጠበቅነው የሲሚንቶ ግንብ ነበር። እሷ ግን ለየቤቱ አንዳንድ የተቀደደ ከረጢት ኖራ አደለችና፣ «አንድ ቀን ይህን ተሸክማችሁ እንደ ወትሯችሁ ተመላለሱ፤ የሚፈስሰው ኖራ መንገዳችሁን ያሳየኛል» አለች። እኔም ስቄባት፣ ከረጢቱ ትከሻዬ ላይ መኖሩን እንኳ ረስቼ ዋልኩ።

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ወጥተን ቁልቁል አየን። የሰው ሁሉ መስመር ወደ ዳቦ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የእኔው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ፈረሰው ቤትህ ይወርድና ግቢህን ዞሮ ይመለሳል። አንዴ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ሦስቴ ነው።

«እዚያ ደጅ አልደርስም ብለህ ምለህ አልነበር?» አለች ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችን፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«እግሬ ነው የሄደው፤ እኔ የለሁበትም።»

ባለሙያዋ አልሳቀችም። መስመሬን ተከትላ ወረደችና ከአጥሬ ሥር ያለውን ቦይ አገኘችው።

«ይሄን ማን ቆፈረው?»

«ተፈጥሮ ነዋ!»

«ተፈጥሮ እንዲህ ቀጥ አድርጋ አትቆፍርም፣ አባባ።»

ሰፈሩ በሙሉ አፈጠጠብኝ። አንተም ያኔ ይህንኑ ነበር ያልከኝ፤ እኔ ደግሞ ቤቴ ተርፎ ስታይ ቀናህ ብዬ ሰደብኩህ። ወንድሜ፣ ጎርፉን ወደ ቤትህ የመለስኩት እኔ ነኝ። ውሃው አንተ ጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። እውነቱን ልንገርህና፣ ያን ቀን ስለ አንተ ጨርሶ አላሰብኩም። ከዚያ በኋላ ያኮረፍኩህ አፍሬ ነው።

አሁን ወንዙ ዳር ያለው ዝቅተኛ ቦታ፣ ቤትህ የነበረበትም ጭምር፣ ሣርና ዛፍ ተተክሎበት የውሃ ማረፊያ ሆኗል። ባለፈው ወር ወንዙ ሞልቶ እዚያው ተኝቶ ሰነበተ፤ የማንንም ደጅ አልነካም። መኝታ ቤትህን እንቁራሪቶች ወርሰውታል። ካንተ ማንኮራፋት የእነሱ ጩኸት ይሻላል።

የሰፈሩ ኮሚቴ ምትክ ቦታ ሰጥቶሃል። ኮረብታው ላይ፣ ከእኔ ቤት በላይ ነው፤ ልክ ከአናቴ። እዚያ ይሁንለት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሬዲዮ «አብደሃል እንዴ? እሱም በተራው ውሃውን ቢለቅብህስ?» አለችኝ።

ናና ቤትህን ሥራ። ቦይ መቆፈር ካማረህም አካፋዬን አውስሃለሁ።

ጋሼ ማለቱን ካልተውከው፣
ጋሼህ