የኢጦ እጅና በስጦታ የሰጣችሁን ማግኔት

ለክቡር ዶክተር ሙንዚር ስቃሊ
የሰማይ ድንጋዮች ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ራባት

ክቡር ዶክተር፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በማይደፈርስ የቢሮ ጸጥታ ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ከዛጎራ ወዲያ ያለነው እኛም፣ አላህ ይመስገን፣ ከአሸዋውና ከፍየሎቻችን ጋር ደህና ነን።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልጻፍልዎ። ካቻምና ከመንደራችን በስተደቡብ ከጠጠራማው ሜዳ የተገኘውን፣ እርስዎም በጋዜጣ «በአግኚዋ አላዋቂነት ለሳይንስ የጠፋ» ብለው ያዘኑለትን ጥቁር ድንጋይ ያበላሸችው አግኚዋ ኢጦ አይደለችም። በማግኔት ያሸሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱን በእሷ እጅ ላይ የጣልኩትም እኔው ነኝ።

ይህ ከታወቀልኝ ዘንዳ፣ ተቋምዎ «ሳይንስ ለሁሉም» በተሰኘው መርሐ ግብሩ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ማግኔቱ እናመሰግናለን። ባለቤቴ ባሱ፣ አላህ ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ ባለሙያዎችዎ እዚህ ድረስ ደክመው መጥተው፣ የተቋሙ ስም የተቀረጸበት ብርቱ ማግኔት በአረንጓዴ ከረጢት አድርገው ለድንጋይ ፈላጊዎች ሁሉ አድለው ነበር። ባሱ ከምርኩዙ ጫፍ ላይ አሰረው፤ ሲሞት ምርኩዙ ለእኔ ቀረ። በከረጢቱ ውስጥ የነበረው መመሪያ፣ ለሁሉም የተዘጋጀ እንደመሆኑ፣ በፈረንሳይኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። ቋንቋውን ከአሮጌ መጽሔቶች ላይ እየለቀምኩ የተማርኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ያነበብኩትም እኔ ብቻ ነኝ። «ድንጋዩን በሁሉም ጎን ያሹት» ይላል። እኔም አሸሁት።

ኢጦ ድንጋዩን ያመጣችልኝ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልላ ነው። ገና ከደጅ ሆና፣ «እትዬ ረቅያ! ፍየሊቱ ልትልሰው ስትል ነጥቄያት ነው፤ እስቲ ያንን የሚናከስ ብረትሽን አምጪው!» ብላ ተጣራች። ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ሲጣበቅ ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮኽን። ከዚያ በኋላ ጎረቤት በገባ ቁጥር ደግሜ አሳየሁ፤ ከላይም፣ ከታችም፣ ዙሪያውንም። ባሱ ከሞተ ወዲህ በቤቴ ውስጥ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ስለነበር እጄ አልቆም አለኝ።

፪ኛ፦ ስለ መልእክተኛዎም እናመሰግናለን። ድንጋዩን ለምርመራ ወደ ተቋምዎ ልከነው ነበር። የምርመራውን ውጤት እንዲያስረዳን የላኩት ጫማው አቧራ የማይወድ ወጣት፣ ከአማዚግ ቋንቋ ሌላ በማያውቅ ሕዝብ ፊት ቆሞ ባማረ ፈረንሳይኛ ተናገረ። እንድተረጉም የተጠራሁትም እኔ ነበርኩ። ይህ ድንጋይ የተወለደበት ዓለም ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር የማግኔት ትዝታ በውስጡ ይዞ መምጣቱን፣ ብርቱ ማግኔት ሲነካው ግን ያ ትዝታ እንደሚደመሰስ፣ አሁን ድንጋዩ በዚህ ረገድ ዲዳ ሆኖ መቅረቱን አስረዳ። ማግኔቱን ማን እንዳደለን መጥቀስ ብቻ ዘነጋ፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ድካም ይሆናል።

እኔ ያጠፋሁትን ያወቅሁት እዚያው፣ ቃሉ በአንደበቴ ሊያልፍ ሲል ነው። ኢጦ እጅጌዬን ጎተት አድርጋ፣ «ምን ይላል? ምን አጠፋን ነው የሚለው?» አለችኝ። ልብ ይበሉልኝ፣ «አጠፋን» ነው ያለችው። እኔ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መጀመሪያ የያዘው እጅ ነው ያበላሸው ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። መዳፏን ገልብጣ አየችው። ወጣቱም ጥራት ስላለው ትርጉሜ አመሰገነኝ።

፫ኛ፦ ቁጥሩን እዚህ ላይ ብተወው ይሻላል። ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

ኢጦ የሙሽሮቻችንን እጅ በሂና የምታስጌጥ ሴት ነበረች፤ እጇ በረከት አለው ይባል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሙሽራ እናቶች ከማዶ መንደር ሌላ ሴት ያስመጣሉ። ባለፈው መከር በአንድ ሰርግ ላይ ጎረቤታችን ሐዳ፣ «ኧረ ኢጦ፣ ራቅ በይልኝ! እኔም ከሰማይ የወረድኩ ነኝ፤ ነክተሽ እንዳታበላሺኝ!» ስትላት ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢጦም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ሜዳ ላይ ጥቁር ድንጋይ ስታይ ፍየሎቿን በሌላ በኩል ትነዳለች፤ ከእንግዲህ ሰማይ ምን ቢጥልላት ጎንበስ ብላ አታነሳም።

እርስዎ ደግሞ ኢጦን ከመርሐ ግብሩ አባላት መዝገብ ሰርዘው፣ «ሳይንስን ለገጠር ሴቶች ያቀረበች አርአያ» በሚል እኔን በራባት ሊያከብሩኝ ጠርተውኛል። ከገጠር ሴቶች መካከል ዋሽታ የተረጎመችውን መርጦ ማግኘት ቀላል ሥራ ስላልሆነ ለዓይንዎ ጥራት አድናቆቴን እገልጻለሁ፤ ነገር ግን አልመጣም። ለእኔ ያሰቡትን የጉዞ ድካም ለሌላ ሰው ያድርጉልኝ። ቋንቋችንን የሚናገር አንድ ሰው ይላኩና፣ ያ ወጣት በቆመበት ቦታ ቆሞ፣ የያዘ እጅ የድንጋይን ትዝታ እንደማያጠፋ፣ ያጠፋው እናንተ የሰጣችሁት፣ እኔም ያሸሁበት ማግኔት እንደሆነ በሐዳም በሙሽራ እናቶችም ፊት ይናገር። እኔም ከጎኑ እቆማለሁ። የኢጦን ስም ወደ መዝገቡ መመለስ ግን የእርስዎ ብዕር ሥራ ነው።

ከወንበርዎ ከፍታ የተነሣ ድምፃችን ዘግይቶ ቢደርስ የማትቀየም፣ በትዕግሥት መልስዎን የምትጠብቅ፣

አክባሪዎ
ረቅያ፣ የባሱ ባለቤት የነበረች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማግኔቱን ከእነ ከረጢቱና ከእነ መመሪያው መልሼልዎታለሁ። በሙዚየምዎ ውስጥ ከዚያ ድንጋይ አጠገብ፣ «በአግኚዋ አላዋቂነት» ከሚለው ጽሑፍ ሥር እንዲያስቀምጡት እለምናለሁ። የተቋሙ ስም በጉልህ ስለተቀረጸበት ሌላ መግለጫ አያስፈልገውም።

ግልባጭ፦
ለጋዜጣው አዘጋጅ
ለኢጦ። ማንበብ ስለማትችል፣ ዛሬ ፍየሎቿን ስታስገባ ቤቷ ሄጄ እኔው አነብላታለሁ፤ በቋንቋችን፣ አሁን ግን አንድም ቃል ሳልለውጥ።