«ምንም አይደለም» ተብሎ ስለታለፈው ትክክለኛ መልስ

ለተከበሩ የሕዝብ አዳራሹ የጥያቄና መልስ ውድድር ሰብሳቢ፣ ዋና ዳኛ፣ የጥያቄ አዘጋጅና ሰዓት ያዥ፤

አራቱንም ማዕረጎች ብቻዎን ጠቅልለው በመያዝዎ አራት ደብዳቤ ከመጻፍ ስላዳኑኝ፣ ገና ከመነሻው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉሮሮዎስ ተሻለው? ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማይክሮፎኑን ለአንድ ሰው እንኳ ሳያውሱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለተናገሩ፣ እኛ ተወዳዳሪዎቹ ከውጤታችን ይልቅ የእርስዎ ድምፅ አሳስቦን ነበር። እንኳን ደኅና ሆኑ። ድምፅዎ እንደተወደደ፣ ወንበርዎም እንደተመቸዎ ይኑርልዎ።

እኔ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሱቅ ያለኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን ጨዋታ ሲኖረው ሜዳ ዳር የሚጨፍረውን ባለ ትልቅ ጭንቅላት ነብር አይተውት እንደሆነ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለውን የቡድን ወይም የውድድር ምልክት የኳስ ሰዎች ማስኮት ይሉታል። በዘንድሮው ውድድር ሦስት ሆነን ቀርበን ነበር፤ እኔ፣ አባቴ፣ እንዲሁም ከሱቄ ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግነው ጎረቤታችን። ይህን ጎረቤታችንን፣ ኪሱ ሁልጊዜ በጥቃቅን ብሎን የተሞላ ስለሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሎታል።

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት በስልክ ማዞሪያ ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሲያገናኙ ኖረው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታቸውና የራሳቸው ድምፅ ተቋረጠ። እግራቸው ቶሎ ተመለሰ፤ ቃላቸው ግን ዘገየ። ቤት እየመጣች የምታለማምዳቸው የንግግር ባለሙያ የድመትና የሲኒ ሥዕል ያለበትን ካርድ ስታሳያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። አይፈረድባቸውም። ድመቷ ጠፍታቸው ሳይሆን፣ በሰባ ዓመታቸው ድመት ምን ትባላለች ተብሎ መጠየቁ ነው ያንገበገባቸው።

የዘንድሮው ውድድር ርዕስ የስፖርት ማስኮቶችና የቴክኖሎጂ ምህጻረ ቃላት መሆኑን የሚገልጸው ማስታወቂያ በአዳራሹ በር ላይ ሲለጠፍ ብሎን አንድ ነገር አሰበ። ዩኤስቢ፣ ሲም፣ ፒን፣ ፒዲኤፍ፣ ጂፒኤስ እያለ በደብተር ጽፎ አመጣላቸው። አባቴ ካርዱን የገፉትን ያህል ደብተሩን ፈጥነው ተቀበሉ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቃል ደብቋል፤ ያን ቃል ፈልጎ ማውጣት ለእሳቸው መስመር ፈልጎ እንደማገናኘት ሆነላቸው። አምስት ወር ሙሉ እኔ እጅጌ ስገጥም እሳቸው ከማሽኔ አጠገብ ቁጭ ብለው ፊደል ሲፈቱ ከረሙ። ውኃ እንኳ ገና በምልክት በሚጠይቁበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ጠዋት ዩኤስቢን «ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ሲጨርሱ፣ እኔ ደንግጬ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ባለሙያዋም እንዲህ ያለ መድኃኒት ትምህርት ቤት እንዳላስተማሯት ነግራኛለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ይህን ርዕስ ስለመረጡ ያለ ምንም አሽሙር አመሰግንዎታለሁ።

አሽሙሩ ከዚህ ቀጥሎ ነው።

፩ኛ. ስለ ነብሩ። በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ማስኮት ምን እንስሳ እንደነበረ ሲጠይቁን፣ ፀጉሩ አረንጓዴ የሆነ ነብር ነው ብዬ መለስኩ። እርስዎም የጥያቄ ካርዱ አቦሸማኔ ይላል ብለው ነጥቡን ነፈጉን። ክቡርነትዎ፣ እኔ ነብር ሰፍቻለሁ። መሐላቸው ክፍት የሆነ፣ የተቆራረጠ ቀለበት የሚመስሉ ነጠብጣቦችን ከጥቁር ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ አንድ በአንድ ቢጫው ላይ ስለጥፍ ሦስት ሳምንት ከርሜአለሁ። አቦሸማኔ ቢሆን ኖሮ ነጠብጣቡ ድፍን ስለሆነ፣ ከዓይኑ እስከ አፉ የሚወርደውን ጥቁር መስመር ጨምሬ እንኳ ሥራው በግማሽ ይቀልልኝ ነበር። ይህንኑ ባስረዳ፣ ሁለቱም ነጠብጣብ ስላላቸው ልዩነቱ የጎላ አይደለም ሲሉ በትዕግሥት መለሱልኝ። ልዩነቱ የጎላ ካልሆነ ነጥቡን ስለምን እንደተከለከልን መጠየቅ አምሮኝ ነበር፤ ትዕግሥትዎን ላለመጨረስ ስል ተውኩት። በዚህ አጋጣሚ፣ ሰው ሰውን ሲያስጠነቅቅ «ነብር አየኝ በል» እንደሚለው እንጂ «አቦሸማኔ አየኝ በል» ተብሎ ተሰምቶ እንደማያውቅ በትሕትና አስታውሳለሁ።

፪ኛ. ስለ ደወሉና ስለ ሰዓቱ። ለተጋጣሚያችን፣ ማለትም ለአዳራሹ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ቡድን፣ ሲጫኑት የሚበራ የኤሌክትሪክ ደወል ቀረበላቸው። ለእኛ ማንኪያና ብርጭቆ ቀረበልን። ብርጭቆው ንጹሕ ስለነበረ አመሰግናለሁ። አባቴ ቀኝ እጃቸው ገና ስላልጠነከረ ማንኪያውን በግራቸው ይዘው በሚገባ ተወጥተውታል። ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ አሥር ሰከንድ ስለሆነ፣ ለአባቴ ግን ሃያ እንዲሆንላቸው የሐኪም ወረቀት አያይዤ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት አስቀድሜ አመልክቼ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ «ይታያል» አለኝ። የት ሆኖ እንደሚታይ ስላልተነገረኝ በየአቅጣጫው ስመለከት ቆየሁ፤ በእኔ በኩል እስካሁን አልታየም።

፫ኛ. ስለ መጨረሻው ጥያቄ። ነብሩም ማንኪያውም እያለ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ እኩል ነበርን። እርስዎም አዳራሹን ጸጥ አሰኝተው፣ ዋይፋይ የሚለው ምህጻረ ቃል ሲተነተን ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከሰባ የማያንስ ሰው በተቀመጠበት፣ መጀመሪያ የተሰማው የአባቴ ማንኪያ ብርጭቆውን ሲመታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁልኝ። ከደብተሩ ሁሉ አባቴ አብልጠው የወደዱት ይህን ቃል ነበር። ብሎን አንብቦ እንደነገራቸው፣ ዋይፋይ የምንም ምህጻር አይደለም። የቴክኖሎጂው የመጀመሪያ መጠሪያ አፍ ውስጥ የማይገባ የፊደልና የቁጥር ድርድር ስለነበረ፣ ባለቤቶቹ ስም አውጪ ድርጅት ቀጥረው ለጆሮ የሚጥም ስም አስወጡ፤ «ዋየርለስ ፊደሊቲ» የሚለው ነገር ትርጉም ካልሰማን ለሚሉ ሰዎች ሲባል በኋላ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ይህን በነገራቸው ዕለት አባቴ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ። ሌሎቹ ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ ቃል ይዘው ሲንጠራሩ፣ ይኼ ባዶ ሆዱን መኩራቱ ነው ያሳቃቸው።

ስለዚህ አባቴ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። ቃሉን ሲያመጡት ይታየኝ ነበር፤ ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። ከዚያም አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ መለሱ፦

«ምንም አይደለም።»

ሰው ሳቀ። እርስዎም በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፦ «ልክ ነዎት አባታችን፣ ምንም አይደለም። ይቀመጡ፤ መሳተፍዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አሉና ጭብጨባ ጠየቁላቸው።

ክቡርነትዎ፣ አባቴ እያጽናኑዎት አልነበረም፤ እየመለሱልዎት ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃም አልተቀመጡም። ያስረዱ ዘንድ «የምንም... የምንም...» ሲሉ እርስዎ አሥር ሰከንድ ማለቁን አበሰሩ። ጥያቄው ወደ ተጋጣሚያችን ዞረ፤ እነሱም «ዋየርለስ ፊደሊቲ» አሉ፣ ካርዱም ተስማማ፣ ዋንጫውም ከመድረኩ ወርዶ ሦስት እርምጃ ተጉዞ የእርስዎ ሠራተኞች ዘንድ አረፈ። አባቴ በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል እንደቆሙ ነበሩ። ብሎን ነው ክንዳቸውን ይዞ ያወጣቸው።

፬ኛ. ስለ ይግባኙ። ማስረጃችንን አትመን ይዘን ብንመጣ ቅሬታ የሚቀርበው በሦስት ቀን ውስጥ እንደሆነ ተነገረን። ሦስቱንም ቀን ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። በሩ ላይ «በድል ምክንያት» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈ ግን ግራ አልተጋባንም፤ ግልጽነታችሁ የሚመሰገን ነው።

፭ኛውን አቤቱታ በቁጥር ማስቀመጥ ስለከበደኝ እንዲሁ እነግርዎታለሁ። አባቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዘጠኝ ቀን አልተናገሩም። ደብተሩን ከማሽኔ መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉበት። የንግግር ባለሙያዋ መጥታ ብትለምናቸው ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞረ። ብሎን በየቀኑ አንድ አዲስ ምህጻረ ቃል ይዞ ብቅ ይላል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ መልስ ሲያጣ ብሎኑን እያንኳኳ ይመለሳል። ሰፈሩ ደግሞ ቀልድ አገኘ። ዳቦ ቤት ገብቼ መልስ ስቀበል ሻጩ «ምንም አይደለም» ብሎ ጥርሱን ያሳየኛል። የሰውን አፍ እንደ ሱሪ ማጥበብ ቢቻል ኖሮ ያን ሰሞን ብዙ ሥራ ይኖረኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ ገባ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ከአባቴ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው እሱ እንደነበረ ነገራቸው። ቤቱ ገብቶ ሲያጣራ ግን ልክ እሳቸው ሆነው ማግኘቱን፣ ከዚያ ወዲህም መስተዋቱ ፊት ሲቆም የራሱ ሳቅ እንደሚያሳፍረው ተናገረ። ቀጥሎ፦

«እስቲ ያስረዱኝ፤ አልቸኩልም» አላቸው።

አባቴ ብዙ ቆዩ። እኔ ማሽኑን አቆምኩ፣ የማሽኑ ዝም ማለት ይበልጥ ሲያስጨንቃቸው ግን መልሼ አስነሣሁት። ከዚያ ጀመሩ። አንዱ ቃል ሲመጣ ሌላው እየጠፋ፣ የጠፋው በእጅ እየተጠራ፣ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተናገሩ። እሳቸው እስኪጨርሱ እኔ የሁለት ሱሪ ጫፍ አጥፌ ጨርሻለሁ። ፀጉር አስተካካዩ አንድም ቃል ቀድሞ አልሞላላቸውም። ሲጨርሱ ብቻ፣ ደንበኞቼም ይህን ቢሰሙ ብሎ ለሐሙስ ከሰዓት ጋበዛቸው።

ይኸውና ዛሬ ሰባተኛ ሐሙሳችን ነው። በፀጉር ቤቱ ውስጥ አራት ወንበርና አንድ አግዳሚ አለ፤ የቀረው ሰው በር ላይ ይቆማል። ጠያቂው አባቴ ናቸው። ደወል የለም፣ ማንኪያ የለም፣ ሰዓት የሚይዝ የለም። አንድ ሰው ደብተሩ ላይ ከሰፈረው የተለየ መልስ ሲሰጥ አባቴ «ተሳስተሃል» አይሉም፤ «አስረዳኝ» ነው የሚሉት። በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ደብተራችን ታርሟል፤ አንዴም አባቴ ራሳቸው ተሸንፈው ለአሸናፊው እጅ ነሥተዋል። ንግግራቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ምናልባትም አይሆንም። ነገር ግን አሁን ውኃ ሲፈልጉ ውኃ ይላሉ፤ ዳቦ ቤት ሄደውም ለሻጩ የሚገባውን ነግረውት መጥተዋል፤ ምን እንዳሉት ሁለቱም ደብቀውኛል።

ባለፈው ሐሙስ ከዋንጫ ባለቤቶቹ አንዷ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ፣ መጥታ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ነበር። የጥያቄ ካርዶቹን ከነመልሳቸው በኮምፒውተር የጻፈችው እሷ ራሷ እንደነበረች በጨዋታ መሐል አወጋችን። በመገረም ተያየን። ይህ ሁሉ ሆኖ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ከእኛ ጋር እኩል መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ አስገረመን። እባክዎ አይቆጧት፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ የአባቴንም ማብራሪያ እስከ መጨረሻው የሰማች ከጽሕፈት ቤትዎ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ዋንጫውን አንፈልግም፤ ፀጉር ቤቱ መደርደሪያው ጠባብ ነው። የምንለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ካርዱን ያርሙት፤ እስክሪብቶ ከጠፋ ብሎን አለው። ሁለተኛ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ሰው ፊትዎ ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቢያዩ፣ ትንሽ ይጠብቁ። አባቴ ያን ጊዜ የቆሙት ቃል አጥተው አልነበረም፤ ቃሉ መንገድ ላይ ነበር።

ሰብሳቢነትዎን፣ ዳኝነትዎን፣ አዘጋጅነትዎንና ሰዓት ያዥነትዎን በእኩል ክብር እያመሰገንኩ፣ እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ፣
ነብር የሰፋችው

ማስታወሻ፦ ለአባቴ የላኩላቸው የተሳትፎ ምስክር ወረቀት በሰላም ደርሷል። ማኅተሙ ላይ «ሕ.አ.ጥ.መ.ው.አ.ኮ.» የሚል አይተው፣ ሲተነተን ምን እንደሆነ ከጽሕፈት ቤትዎ ጠይቄ እንድመጣ ላኩኝ። በሥራ ላይ የነበሩ ሦስት ሠራተኞች አራት መልስ ሰጡኝ፤ አንደኛው በመሐል ሐሳቡን ስለቀየረ ነው። አባቴም ነገሩ እንዲህ ከሆነ ብለው የራሳቸውን ትንታኔ ሠርተዋል። ሁሉም ፊደል ቦታ ቦታውን ይዞ ልክክ ብሎ ገጥሟል፤ ፀጉር ቤቱም በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል፤ በጨዋ ደብዳቤ ላይ ግን የሚጻፍ ሆኖ አላገኘሁትም።